ከራስጌዬ ማን ነበር? ከጨጓራ ኦፕራሲዮን በፊት ያለችው የማደንዘዣ ቀጠሮ

ቢላው አላስፈራኝም። ክብደት እንድቀንስ ከጨጓራዬ ሰማንያ በመቶ የሚጠጋውን ቆርጠው እንደሚያወጡ ሲነግሩኝ «እሺ» ብዬ ፈርሜአለሁ። እንቅልፍ የነሳኝ ማደንዘዣው ነው።

ስለዚህ ይህ ግምገማ ስለ ቀዶ ሐኪሙ አይደለም። ስለ ሆስፒታሉ ምግብም አይደለም፤ የሚበላ ነገር የለማ። ከኦፕራሲዮኑ ስድስት ሳምንት በፊት ከማደንዘዣ ሐኪም ጋር ስለነበረኝ የአርባ ደቂቃ ቀጠሮ ነው። ብዙ ሰው «ደም ሊወስዱ ነው» ብሎ የሚንቃት ቀጠሮ ናት። እኔም ላልሄድ ነበር።

እዚህ ሰሜን ቨርጂኒያ ኡበር እነዳለሁ። ዕድሜዬ 47 ነው። ያኔ ክብደቴ 298 ፓውንድ ነበር፤ በእኛ 135 ኪሎ ገደማ። ግፊት አለብኝ፣ ስኳርም ጀማምሮኛል። ማንኮራፋቴን ደግሞ ጎረቤት ያውቀዋል።

መጀመሪያ አንድ ሰዓት የፈጀ ሴሚናር አዳመጥን። ስለ ቫይታሚን፣ ስለ ፕሮቲን፣ ስለ ከሱ ሰዎች ፎቶ። ስለ ማደንዘዣ የተባለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ ትተኛላችሁ፣ ስትነቁ አልቋል። አጎቴም ተኝቶ ነበር እኮ!

በ1979 ዓ.ም. ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ኦፕራሲዮን ገባ፣ ሬሳው መጣ። ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ማደንዘዣው በዝቶበት ነው» ይል ነበር። ድንኳን ውስጥ የተሰማ ነገር ከልጅ ጭንቅላት አይወጣም። ከዚያ ወዲህ ጥርስ ስነቀል እንኳ ነርሷን «ትንሽ ብቻ ውጊኝ» የምል ሰው ነኝ።

ወደ ቀጠሮዋ ልግባ። አስተርጓሚ እንደምፈልግ ቀድሜ በስልክ ተናግሬ ነበር። እንግሊዝኛዬ ለመንገድና ለመንገደኛ ይበቃል፤ ለሳንባና ለጉሮሮ ግን አይበቃም። አስተርጓሚዋ በታብሌት ስክሪን መጣች፤ አማርኛዋ ጥርት ያለ፣ ፈገግተኛ ሴትዮ። ይህ በነፃ ነው። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጃችሁን ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ያልኩትን ልጄ ፊት አልለውም ነበር።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ቁጭ እንዳለች «ምንድን ነው የሚያስፈራዎት?» አለችኝ። ኮምፒውተሩን አላየችም።

«እንዳልነቃ ነው» አልኳት። አስተርጓሚዋ ትንሽ ዝም ብላ ተረጎመችው።

ሐኪሟ «አይዞህ» አላለችኝም። አይዞህ የሚለኝማ ሞልቷል። ይልቅ «ከቤተሰብ በማደንዘዣ የተጎዳ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች። የአጎቴን ነገር አወራሁላት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ ብዕር አነሳች። በዘር የሚወረስ፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ችግር አለ አለችኝ። አንዳንድ የማደንዘዣ መድኃኒት ሲነካው ሰውነት በድንገት ይግላል፣ ጡንቻ ይገታተራል። ቀድሞ ከታወቀ እነዚያን መድኃኒቶች ትተው በሌላ ያስተኛሉ። «አጎትዎ ትኩሳት ነበረው? ሰውነቱ ደርቆ ነበር? የሚያውቅ ሰው ካለ ይጠይቁልኝ።»

ፓርኪንግ ውስጥ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ለአጎቴ ሚስት ወልድያ ደወልኩ። አሁን አሮጊት ናት፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል።

«ማነው ማደንዘዣ ያለህ ልጄ?» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ ሆዱ ተነፍቶ ቤት ተኝቶ ነው በቃሬዛ ያወረድነው። አንጀቱ ታጥፎ ነበር። ደግሞ ነቅቷል እኮ! ውሃ ስጪኝ ብሎ ለመነኝ። አትስጪው ስላሉኝ ከለከልኩት። በማግስቱ ነው ያረፈው።»

ስለ ትኩሳቱና ስለ ሰውነቱም ጠየቅኳት። እንደዚያ ያለ ነገር አላየችም። ስለ ውሃው ግን ደግማ ነገረችኝ። ከዚያ አሁንም ደገመችው።

ስልኩን ዘግቼ መሪው ላይ ተደፋሁ። ነቅቶ ነበር ለካ። አርባ ዓመት ሊሆነው ምንም ያልቀረው ፍርሃቴ የለቅሶ ቤት ወሬ ነበር። ለክሊኒኩ ደውዬ ያለችኝን ነገርኳቸው፣ ነርሷ መዝገብ ላይ አሰፈረችው። የጨጓራዬን ወጪ ሳልቆጥር ለዚህች ጥያቄ ብቻ ገንዘብ ብከፍል አይቆጨኝም።

እዚያው ቀጠሮ ላይ ስምንት ጥያቄ ያላት መጠይቅ አለች። ታንኮራፋለህ? ቀን ይደክምሃል? ተኝተህ ትንፋሽህ ሲቋረጥ ያየ አለ? ግፊት አለብህ? ቀሪዎቹ ስለ ውፍረት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ አንገት ዙሪያና ስለ ጾታ ናቸው። አንገቴ በሜትር ተለካ፤ 46 ሴንቲ። ከስምንቱ ሰባቱን «አዎ» አልኩ። ያመለጠችኝ የዕድሜዋ ብቻ ናት፣ ከ50 በላይ አይደለሁም። ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ውጤት አምጥቼ አላውቅም። ባለቤቴ ደግሞ በስልኳ ቀድታኝ ኖሯል። ለሐኪሟ አሰማቻት። ማንኮራፋት፣ ማንኮራፋት፣ ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው ሲረዝም አስተርጓሚዋም ስክሪኑ ላይ ጠጋ አለች።

ቤት ተኝቼ በምመረመርበት መሣሪያ አረጋገጡት። እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ የሚቋረጥበት ሕመም አለብኝ። አፍንጫ ላይ የሚታሰረውን፣ አየር የሚገፋውን ማሽን ሰጡኝ፣ «ኦፕራሲዮን ቀን ይዘኸው ና» አሉኝ። ቀጠሮው ለኦፕራሲዮኑ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ቶሎ እንዲያደርጉላችሁ ወትውቱ።

ሌላው ፍርሃቴ «ወፍራም ስለሆንኩ ማደንዘዣውን ያበዙብኛል» የሚል ነበር። እንደዚያ አይደለም። ብዙዎቹን መድኃኒቶች የሚመጥኑት ስብ ሲቀነስ በሚኖረኝ ክብደት ነው እንጂ ሚዛኑ ላይ በሚታየው አይደለም። ይልቅ የሚያሳስባቸው ኦክስጅን ነው። ወፍራም ሰው በጀርባው ሲተኛ ሆዱ ሳንባውን ይጫናል፣ ያጠራቀመው አየር ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ትከሻና ራስን ከፍ አድርገው፣ ከማስተኛታቸው በፊት በጭንብል ኦክስጅን ይሞሉታል። በማደንዘዣው ብቻ ሰበብ መሞት ጤነኛ በሚባል ሰው ላይ ከመቶ ሺህ አንድ ገደማ እንደሆነም ነገረችኝ። አስከትላም «የእርስዎ ከዚያ ከፍ ይላል፤ ይህን ሁሉ የምንለፋውም ለዚያ ነው» አለች። ሳትሸነግለኝ ስለነገረችኝ አመንኳት።

አብሽንም ነገርኳት። እናቴ ለስኳር ጥሩ ነው ብላኝ ጠዋት ጠዋት ውሃውን እጠጣለሁ። አስተርጓሚዋ «አብሽ»ን ስትተረጉም ሐኪሟ ወዲያው ገባት። ስኳር ሊያወርድ ይችላል፣ ሁለት ሳምንት ቀድመህ አቁም ተባልኩ። ኦዜምፒክ የሚባለውን የስኳር መርፌም እወጋ ነበር። ምግብ ጨጓራ ውስጥ ስለሚያቆይ፣ ተኝቼ ወደ ሳንባ እንዳይመለስብኝ የመጨረሻዋን ሳምንት መርፌ አስዘለለችኝ። የቤት ባህላዊ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ሳያፍር ይንገር። ሳይጠየቅም ቢሆን።

አሁን ቅሬታዬ። የኦፕራሲዮኑ ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ስደርስ ታብሌቱ የለም። አንዷ «እንግሊዝኛህ ጥሩ ነው፣ አያስፈልግህም» አለችኝ። ባዶ ሆዴን፣ ከኋላው በሚከፈት ጋወን ቁጭ ብዬ ልከራከር? ተከራከርኩ። ሃያ ደቂቃ ፈጅቶ በስልክ አገናኙኝ። ሁለተኛው፣ ያቺ ሐኪም አልነበረችም። ተረኛው ሌላ ነው፣ ሽበት ያለው ሰውዬ። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ልቤ ባልደነገጠ። ግን የጻፈችውን አንብቦ ነበር የመጣው። «የአጎትህን ታሪክ አይቻለሁ» አለኝ። ማሽኔንም «ይዘሃል?» ብሎ ጠየቀ።

ክፍሉ ብርድ ነው። አልጋው ከጠበቅኩት ይጠባል፣ ክንዴ የሚያርፍበት ለብቻው ወጥቷል። የሞቀ ብርድ ልብስ ጣሉብኝ። ጭንብሉ አዲስ የውሃ ሃይላንድ ሲከፈት የሚሸተውን ላስቲክ ይሸታል። ሰውዬው ከራስጌዬ ቆሟል፣ ፊቱ ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። ወተት የመሰለ ነጭ መድኃኒት በደም ሥሬ ሲገባ ክንዴን ለበለበኝ። ይህንንም ቀድማ ነግራኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። «አባታችን ሆይ»ን ጀመርኩ። «በሰማያት» ላይ የደረስኩ ይመስለኛል።

ከዚያ ስሜን ጠሩኝ። ጉሮሮዬ ተላልጧል፤ የገባው ቱቦ ነው። አማረኝ ያልኩት ነገር ውሃ ነበር። በስፖንጅ ከንፈሬን አረጠቡልኝ።

ለሚያስቡበት አንድ የገንዘብ ነገር ላክል። የማደንዘዣው ቢል ከሆስፒታሉ ተለይቶ ነው የሚመጣው፣ አትደንግጡ። ሆስፒታሉ የኢንሹራንሳችሁ ኔትወርክ ውስጥ ሆኖ፣ ማለትም ከኢንሹራንሱ ጋር ውል ኖሮት፣ ማደንዘዣ ሐኪሙ ባይሆን እንኳ፣ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ያለው የፌደራል ሕግ ልዩነቱን ከእናንተ እንዳይጠይቁ ይከለክላል። እኔ መጀመሪያ የተላከልኝን ቢል አልከፈልኩም፣ ደውዬ አስተካከሉት።

ለቀጠሮዋ ከአምስት አምስት። ለቀኑ መስተንግዶ ሦስት ተኩል፣ በታብሌቱ ሰበብ። ለፓርኪንጉ ምንም አልሰጥም።

ለእናቴ የነገርኳት በአሥረኛው ቀን ነው። ስትቆጣ ቆይታ ስለ ጨጓራዬ አልጠየቀችኝም።

«ሲያስተኙህ ከራስጌህ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አንድ ሽበታም ሐኪም» አልኳት። «እስክነቃ አልተነሳም።»