ኪስን ከኪስ አውላቂ የሚጠብቀው የቱ ነው? ዚፕ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የወገብ ቦርሳ ወይስ የአያቶቻችን መቀነት

አምና በከተራ ዕለት የታናሽ ወንድሜ ስልክ ተሰረቀ። እዚሁ ጎንደር ታቦታቱን አጅበን ወደ አፄ ፋሲል መዋኛ እየወረድን ነበር። ስልኩ በጅንሱ የፊት ኪስ ውስጥ ነው። ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። አንዱ ገፋ አደረገውና "ይቅርታ ወንድሜ" አለው። ወንድሜም "ችግር የለም" ብሎ አለፈ። ትንሽ ሄደን ፎቶ ላንሳ ብሎ እጁን ሲከት ኪሱ ባዶ ነው። ስልኩስ ይተካል። የልጁ የክርስትና ፎቶ ግን እዚያ ስልክ ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኪስ ይጠብቃል የተባለ ነገር ሳይ ዝም ብዬ አላልፍም። አንዳንዱን ገዛሁ፣ አንዳንዱን አሰፋሁ፣ አንዱን ደግሞ ከእናቴ ሣጥን አወጣሁ። እያንዳንዱን ይዤ ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ በባጃጅ ተሳፈርኩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳምኩ። ለዘንድሮ ጥምቀት ለመግዛት ወይም ለማሰፋት ለምታስቡ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ግን ኪስ አውላቂው እንዴት እንደሚሠራ እንወቅ። ብዙ ጊዜ ብቻውን አይደለም። አንዱ ከፊት ድንገት ይቆማል ወይም ይገፋል። ሁለተኛው እጁን ይከታል። ሦስተኛው ዕቃውን ተቀብሎ ይሰወራል። እጁን የሚሸፍንበት ነገር አያጣም፤ ነጠላ፣ ጃኬት፣ ፌስታል ሊሆን ይችላል። በጣም የሚወደው ሰዓት ደግሞ እኛ ጎንበስ ብለን ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ውስጥ ስንገባ ነው። እግራችንን ስናነሳ የኪሳችን አፍ ይከፈታል፣ ሐሳባችን ደግሞ ወንበሩ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድን መጠበቂያ በሦስት ጥያቄ ነው የምመዝነው። በአንድ እጅ፣ በሁለት ጣት ይከፈታል ወይ? ሲከፈት ይሰማኛል ወይ? እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ሳልሰለች እዘጋዋለሁ ወይ? ሻጮች ስለ ሦስተኛው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ግን ከሁለቱም ይበልጣል። ዚፕ ተሰፍቶለት ክፍት የተተወ ኪስ፣ ዚፕ ከሌለው ኪስ አይሻልም። እንዲያውም "ኪሴ ዚፕ አለው" ብለን ስለምንዘናጋ ይብሳል።

ዚፕ ወይስ ቁልፍ

ሁለቱም ልብስ ሰፊ ጋ የሚሠሩ ናቸው። ቁልፍ ርካሽ ነው፣ በአጭር ጊዜ ይሰፋል። የሱሪ የኋላ ኪስ ላይ ያለውን ቁልፍ ታውቁታላችሁ። ተዘግቶ ሲታይ ደስ ይላል። ነገር ግን መሃሉን ብቻ ነው የሚይዘው። በግራና በቀኝ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቀራል። ቀዳዳው ከላላ ደግሞ በአውራ ጣት ብቻ ይፈታል። ወንድሜ ላይ ሞከርኩት። ሻይ እየጠጣ ሳለ ፈታሁበት፣ አልሰማኝም። ቁልፍ ከባዶ ኪስ ይሻላል፤ ከዚያ በላይ አትጠብቁበት።

ዚፕ ሌላ ነው። አፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል። ለመክፈት መጎተት ይፈልጋል፤ ሲጎተት ደግሞ ጨርቁ አብሮ ስለሚሳብ ሰውነት ይሰማዋል። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ አንድ ነገር አስተማሩኝ። "ልጄ፣ ዚፑ ራሱ አይደለም ቁም ነገሩ፣ በየት በኩል እንደሚዘጋ ነው" አሉኝ። አገጣጠሙ ወደ ላይ እንዲዘጋ መሆን አለበት። ማለትም ሲዘጋ የዚፑ ራስ ወገብ ላይ፣ ቀበቶው ሥር ይደርሳል። ያኔ ለመክፈት የሚፈልግ ሰው እጁን ሆዳችን አጠገብ ማምጣት ግድ ይሆንበታል። ወደ ታች የሚዘጋ ከሆነ ግን ራሱ ጭናችን ላይ ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ የማንም እጅ ሳይታወቅ ይደርሳል።

የዚፑም ዓይነት ይለያያል። የብረት ጥርስ ያለው ጠንካራ ነው፣ ግን የስልክ መስታወት ይጭራል፣ እጅም ይቧጭራል። ትልልቅ የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ለጃኬት እንጂ ለሱሪ ኪስ ወፍራም ነው። እኔ የመረጥኩት ስስ የናይለን ዚፕ ነው። ይተጣጠፋል፣ ስንቀመጥ አይወጋም፣ በአንድ እጅ ይሄዳል። በአንድ እጅ መሄዱ ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ነው፤ የማይታገለኝን ነገር አልሰለችም። ከኪሱ አፍ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ተደርጎ ይሰፋ። ከውጭ አይታይም፣ ሌባውም ዚፕ መኖሩን የሚያውቀው ጣቱ ሲነካው ነው።

ዚፕ የማይመልሰው ምላጭን ነው። ኪስ በምላጭ ከተቀደደ አፉ ቢዘጋም ባይዘጋም ለውጥ የለውም። የኪሱ ከረጢት አብዛኛውን ጊዜ ስስ ጨርቅ ነው። ዚፑን ስታሰፉ በዚያው ከረጢቱን በጅንስ ጨርቅ ደርቡልኝ በሉ። ምላጭን ጨርሶ አያቆምም፤ ግን አንድ ጊዜ ሸርተት አድርጎ ከመሄድ ደጋግሞ መቁረጥን ያስገድዳል። ደጋግሞ ሲቆርጥ ደግሞ እንነቃለን።

ቬልክሮን በተመለከተ ብዙ አልቆይም። እንደ ጭጎጎት ልብስ ላይ የሚጣበቀው፣ የሕፃናት ጫማ ላይ ያለው ነው። ሐሳቡ ራሱ የመጣው ከእንዲህ ያለ እሾህ ነው። ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ በ1941 እ.ኤ.አ. ከአደን ሲመለስ ውሻው ፀጉር ላይ የተጣበቀውን አይቶ ነው ያሰበው። ጥቅሙ ድምፁ ነው። ሲላቀቅ ይጮኻል። ጸጥ ባለ ቢሮ ወይም ባንክ ወረፋ ላይ ጥሩ ነው። በጥምቀት ሆታ መሃል ግን ማን ይሰማዋል? ሌላም ችግር አለው። ጋቢና ነጠላ ለምንለብስ ሰዎች አይመችም። የጥጡን ክር ይመዝዛል፣ ብናኙ ይሞላበትና ከጥቂት ወር በኋላ መያዝ ያቆማል።

መርፌ ቁልፍ ወይስ መቀነት

እነዚህ ሁለቱ ብዙ ወጪ አይጠይቁም። ለዚህም ይመስለኛል ሰው የሚንቃቸው።

መርፌ ቁልፍ ከሁሉ ርካሹ ነው። ለመፍታት ሁለት እጅ ይፈልጋል። ሌባ ደግሞ በግፊያ መሃል ሁለት እጁን ኪሳችን ላይ ማድረግ ይከብደዋል። ስታደርጉት ግን አንድ ብቻ መሃል ላይ አትሰኩ፤ እንደ ቁልፉ ግራና ቀኙ ክፍት ይቀራል። ሁለት አድርጉ፣ አፉን ሦስት ቦታ እንዲከፍሉት። መዝጊያው ወደ ውስጥ ይዙር። ድክመቱ ለእኛም ሁለት እጅ መፈለጉ ነው። ስለዚህ በየደቂቃው ለምናወጣው ስልክ አይሆንም። ከቤት ወጥተን እስክንደርስ ለማንነካው ብር ግን ፍቱን ነው፤ የቤት ኪራይ ይዞ ለሚሄድ ወይም ከገጠር እህል ሸጦ ለሚመለስ ሰው። ወፍራም ጅንስ ላይ ትንሹ ይጣመማል፣ ትልቁን ግዙ። ሕፃን ለምታዝል እናት ግን አልመክርም።

መቀነት ደግሞ የአያቴ ባንክ ነበር። ብሩን በጫፉ ቋጥራ፣ ቋጠሮውን ከጥምጥሙ ሥር ትሸጉጠዋለች። ቅዳሜ ገበያ ውላ ስትመለስ ብሩ ጠፋብኝ ስትል አንድም ቀን ሰምቻት አላውቅም። ሚስጥሩ ግልጽ ነው። ቋጠሮው ሆድ ላይ ነው፣ ዓይኗ ሥር ነው፣ ለመድረስ ጥምጥሙን መፍታት ያስፈልጋል። የሐበሻ ቀሚስ ለለበሰች ሴት ዛሬም ከዚህ የሚሻል አላየሁም፤ ቀሚሱ ብዙውን ጊዜ ኪስ የለውም፣ ቦርሳ ደግሞ በሕዝብ መሃል ከኋላ ይቀራል። ችግሩ ስልክ አለመያዙ ነው። ሞከርኩት። ስንራመድ ይንሸራተታል። ዝርዝር ለማውጣትም ገበያ መሃል መቀነት መፍታት አይመችም። እኔ ትልቁን ብር በመቀነት ቋጥሬ ዝርዝሩን ለብቻ እይዛለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ባለ 200 ብር ኖት ስላለ ቋጠሮውም እንደ ድሮው አይወፍርም።

የወገብ ቦርሳ፣ ከላይ ወይስ ከሥር

የወገብ ቦርሳ መቀነቱ ራሱ ነው፣ ዚፕ ተጨምሮበት። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ረዳቶችና ባጃጅ ነጂዎች ከልብስ በላይ የሚታጠቁት ወፈር ያለው ነው። ሌላው ከሸሚዝ ወይም ከቀሚስ ሥር ገላ ላይ የሚውል ስስ ቦርሳ ነው።

ከላይ የሚታጠቁት ለሥራ ይመቻል። ገንዘብ በየደቂቃው ለሚቀበልና ለሚመልስ ሰው ሌላ ምርጫ የለም። ነገር ግን ማያያዣውን እዩት። ጀርባ ላይ ከሆነና በሁለት ጣት ተጨምቆ የሚላቀቅ ከሆነ፣ ከኋላ የቆመ ሰው ጠቅ አድርጎ ይዞት ይሄዳል። ማያያዣውን ወደ ሆድ አዙሩት፣ ወይም ማሰሪያውን በሱሪው የቀበቶ ማሾለኪያ ውስጥ አሳልፉት።

ከሥር የሚውለው ከሞከርኳቸው ሁሉ አስተማማኙ ነው። አይታይም። እጅ ለማስገባት ልብስ መግለጥ ይጠይቃል። ስልክም፣ መታወቂያም፣ ብርም ይይዛል። ግን ሙቀት አለው፣ ያልባል፣ ስልክ ለማውጣትም ፈቀቅ ብሎ መቆም ያስፈልጋል። ስትገዙ ገላ የሚነካው ጎን ጥጥ መሆኑን በእጃችሁ ዳስሱ፣ ላስቲኩንም ሳቡት። ከተሳበ በኋላ ቶሎ የማይሰበሰብ ላስቲክ ብዙ ዕድሜ የለውም።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን አልወደድኩትም። ክሩ አንገት ላይ ይታያል፣ የሚታይ ክር ደግሞ ይጎተታል። ያላችሁ ካላችሁ በብብት ሥር አሳልፋችሁ ጎን ላይ አውሉት።

የኤሌክትሮኒክስ ነገሮች

ስልክ ከኪስ ሲወጣ የሚጮኹ አፖች አሉ። ኪስ ውስጥ ያለውን ጨለማ ከውጭው ብርሃን በመለየት ነው የሚሠሩት። ስልኩን እኔ ሳወጣውም ይጮኻል። ሁለት ቀን ታገስኩና አጠፋሁት። ጎግል በ2024 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው የአንድሮይድ የስርቆት መቆለፊያ ይሻላል፤ ስልኩ በድንገት ተነጥቆ ሲሮጥበት እንቅስቃሴውን አውቆ ማያውን ይቆልፋል። ነጻ ስለሆነ ስልካችሁ ላይ ካለ ክፈቱት። ግን ኪስ አውላቂ አይሮጥም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ኤርታግ የሚባለው የአፕል ትንሽ የዕቃ መፈለጊያ ደግሞ ያለበትን ቦታ የሚናገረው በአካባቢው ባሉ የአፕል ስልኮች አማካይነት ነው። አብዛኛው ሰው አንድሮይድ በያዘበት ገበያ ያን ያህል አይረዳም። እነዚህ ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ናቸው። ኪሱን አይዘጉም። ገንዘባችሁን መጀመሪያ ለዚፑ አውሉት።

"ካርድ በሞገድ እንዳይነበብ ይከላከላል" እየተባለ የሚሸጥ ዋሌትም አለ። እኔ አልገዛም። ሳይነካኩ የሚከፈልባቸው ካርዶች የሚነበቡት በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ነው። እኛን ያስቸገረን የሚገባው እጅ ነው እንጂ ሞገዱ አይደለም።

በተጠማዘዘ ገመድ ስልክን ከቀበቶ ጋር የሚያያዘው ማንጠልጠያ ግን ለአንድ ነገር ይጠቅማል። ቪዲዮ ለሚቀርጽ ሰው። ስልኩ ከእጅ ቢነጠቅ ወይም ቢወድቅ ይይዘዋል። ኪስ ውስጥ ላለ ስልክ ሲሆን ግን ገመዱ ወጥቶ "እዚህ ስልክ አለ" ብሎ ያሳብቃል።

ታዲያ ለየትኛው ቀን የትኛው?

ለአዘቦት ቀን፣ ለፒያሳና ለአራዳ መንገድ፣ ለባጃጅ፣ በናይለን ዚፕ የተሰፋ የፊት ኪስ ይበቃል። የኋላ ኪስ ላይ ከመሃረብ ሌላ ምንም አታድርጉ።

ለቅዳሜ ገበያ ሁለት ቦታ ክፈሉት። የቀኑ ወጪ ዚፕ ባለው ኪስ ይሁን፣ የቀረው በመቀነት ወይም በመርፌ ቁልፍ። ዝርዝሩን ቤት ለዩት። ሙሉ ብሩን ሽንኩርት ተራ ላይ አውጥቶ መቁጠር ለሚያየው ሁሉ ማሳየት ነው።

ለከተራና ለጥምቀት ከልብስ ሥር የሚውለውን የወገብ ቦርሳ ያዙ። በዩኔስኮ የተመዘገበውን በዓል ለማየት ከየአገሩ የሚመጣ እንግዳ ካላችሁም ይህንኑ ንገሩት። ጥር 11 ጠዋት ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ዘሎ ይገባል፣ ውኃውም በሕዝቡ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ስልኩን በላስቲክ ከረጢት ጠቅልላችሁ ክተቱት። የወንድሜን ነገር አስቡና ፎቶዎቹን ከመውጣታችሁ በፊት ሌላ ቦታ ገልብጡ።

አሁኑኑ ደግሞ *#06# ደውሉና የሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት አስቀምጡ። ፖሊስ ጋ ስታመለክቱ ይጠቅማችኋል። ስልኩ ከጠፋና ሲሙ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ በሌላ ስልክ 994 ደውላችሁ አዘጉት። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ስልኩ ውስጥ አትጻፉ።

ዚፕ ለማሰፋት የምትሄዱ ከሆነ በዓሉ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ በጥር መጀመሪያ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ በጥልፍና በቀሚስ ሥራ ይጠመዳሉ። ሱሪውን ስትወስዱ ስልካችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሂሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ልበሱት፣ ስልኩን ክተቱ፣ ዚፑን ዝጉ፣ ከዚያ ቁጢጥ በሉ። ዚፑ በራሱ ከተከፈተ ወይም ጭናችሁን ከወጋ እዚያው እንዲያስተካክሉላችሁ ንገሯቸው።