«ዩኤስቢ 3 ነው» ተብሎ የተሸጠልኝ ስካነር፦ እናንተ እንዳትታለሉ

ለቢሮ ስካነር ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ ቃሌ ሻከር ቢል ይቅር በሉኝ። የሱቁን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል፣ ፓክድ፣ አሁን የገባ» እያሉ የሚለጥፉ፣ ዋጋ ስትጠይቋቸው «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚሉ፣ ሱቃቸው ስትደርሱ ወንበር ስበው «እህቴ ይቀመጡ፣ ውሃ ይምጣልዎት?» የሚሉ፣ ብሩ ከስልካችሁ ወደ ስልካቸው ከተሻገረ በኋላ ግን የማያውቋችሁ። ከካሸሩ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ እሱንም ታውቁታላችሁ።

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። የዘወትሩ ሥራዬ ቀላል ነው። ለፓስፖርት በኦንላይን የሚያመለክት ሰው የልደት የምስክር ወረቀቱንና መታወቂያውን ያመጣል፣ ስካን አድርጌ በስልኩ እልክለታለሁ። ለዚህ መስታወት ላይ አንጥፈን የምንጠቀምበት አሮጌው ስካነሬ በቂ ነበር። በቅርቡ ግን አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአባላቱን ፋይል በሙሉ ወደ ፒዲኤፍ እንድቀይርለት ሥራ ሰጠኝ። በካርቶን በካርቶን ነው የመጣው፦ ማመልከቻ፣ የብድር ውል፣ የተያዥ ፎርም፣ የመታወቂያ ኮፒ። አብዛኛው ወረቀት ጀርባውም ተጽፎበታል፤ ፊርማውና ማኅተሙ ያለው እንዲያውም ጀርባው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ እያንዳንዱን ወረቀት በእጅ እያገላበጡ መስታወት ላይ በማስቀመጥ አያልቅም። ስለዚህ የምፈልገውን አውቄ ነው የሄድኩት፦ ወረቀቱን ራሱ የሚስብ፣ ሁለቱንም ገጽ በአንዴ የሚያነብ።

ሱቁ ውስጥ እንደዚያ ያለ ነበራቸው። ለስካን ብቻ የተሠራ፣ በደቂቃ 25 ወረቀት የሚስብ፣ ፊቱንም ጀርባውንም በአንድ ጊዜ የሚያነብ። ዋጋውን ተስማምተን ልከፍል ስል ሻጩ አስቆመኝ። «እህቴ፣ እርስዎ ሥራ የሚበዛብዎት ሰው ነዎት፣ ይሄንን አልመክርዎትም። ይሄ ዩኤስቢ 2 ነው፣ ጊዜው አልፎበታል» አለኝ። ዩኤስቢ ያው ማሽኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው ገመድ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ገመዱ የበለጠ ይፈጥናል። ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ካርቶን አወረደ፤ ፕሪንተሩ፣ ኮፒው፣ ስካነሩ በአንድ ላይ የሆነ። በካርቶኑ ጎን ላይ ክብ፣ ወርቃማ ስቲከር ተለጥፎበታል፦ «ዩኤስቢ 3.0»። «ይሄ በአሥር እጥፍ ይፈጥናል፣ ፋይሉን ሰጥተውት ቡና ሳይጠጡ ያልቃል። ልዩነቱ 9 ሺህ ብር ብቻ ነው» አለ። ደጋግሜ ጠየቅኩት። «ሁለት ገጽ ይሠራል?» አልኩት። «ይሠራል» አለ። «ስካኑን ነው የምልህ» አልኩት። «እህቴ ሁሉንም ይሠራል አልኩዎት እኮ!» አለ። ይሞከርልኝ ስል መብራት የለም፣ ጀነሬተሩም ነዳጅ የለውም። «ቤትዎ ይሞክሩት፣ እንከን ካለው በእኔ ኃላፊነት ይመልሱታል፣ እኛ የትም አንሄድም» አለኝ። ከፈልኩ።

ቤት ወስጄ ስሰካው መጀመሪያ ያየሁት ገመዱን ነው። አንዱ ጫፍ ሰማያዊ ነው፣ ያው የዩኤስቢ 3 ቀለም። ማሽኑ ላይ የሚሰካው ጫፍ ግን የድሮው አራት ማዕዘን ነው። የዩኤስቢ 3 ከሆነ ከላዩ ላይ ሌላ ትንሽ ደረጃ ይኖረዋል፣ ሶኬቱም ከፍ ያለ ነው። ሰማያዊውን ጫፍ በስልክ መብራት ውስጡን አየሁት፦ አራት የመዳብ መስመር ብቻ። የእውነተኛው ዘጠኝ ነው፤ አራቱ እንደድሮው ሆነው አምስት ተጨማሪ ከኋላ አሉት። ቀለሙን ብቻ ቀብተውታል ማለት ነው።

ከዚያ ወረቀት ሰጠሁት። ፊቱን ብቻ አንብቦ አወጣው። ሴቲንጉን ገባሁበት፣ ድራይቨሩን እንደገና ጫንኩት፣ የሁለት ገጽ ምርጫ የሚባል ነገር ስካን ላይ የለም። ፕሪንት ላይ ግን አለ። እዚህ ላይ ነው የሚያታልሏችሁ፤ ልብ በሉ። እነዚህ ሁሉንም በአንድ የያዙ ማሽኖች ብዙዎቹ በሁለት ገጽ የሚያትሙ ሆነው፣ ከላይ ያለው ወረቀት የሚስበው ክፍላቸው ግን አንዱን ገጽ ብቻ ነው የሚያነበው። ካርቶኑ ላይ «ዱፕሌክስ» (በሁለት ገጽ ማለት ነው) ብሎ ይጻፋል፣ ሻጩም ወደዚያ ይጠቁማችኋል፣ እናንተ ስካን ነው ብላችሁ ታስባላችሁ። ለማኅበሩ ፋይል ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ፊቱን በሙሉ ስካን አድርጌ፣ ቁልሉን ገልብጬ ጀርባውን በሙሉ፣ ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ በቦታቸው መመለስ። አንዷ ወረቀት ተጣብቃ ካለፈች የአንዱ ሰው ፊርማ በሌላው ሰው ውል ጀርባ ይገባል። የሰው ብድር ነው፣ ጨዋታ አይደለም።

ፍጥነት ስላሉት ነገር ደግሞ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ይበልጥ ያበሸቀኝም እሱ ነው። ቁጥሩ በራሱ ውሸት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ እስከ 480 ሜጋቢት ነው፣ በ2008 የወጣው 3.0 እስከ 5 ጊጋቢት። ከአሥር እጥፍ በላይ ነው፣ እውነት ነው። ግን ለምን ይጠቅማል? አንድ ኤ4 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲነበብ 2,480 በ3,508 ፒክስል ይሆናል። በከለር ከሆነ ለአንድ ፒክስል 3 ባይት ነው፤ ምንም ሳይታመቅ 26 ሜጋባይት ገደማ። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 480 ሜጋቢት ማለት 60 ሜጋባይት ነው፤ ዩኤስቢ 2.0 በተግባር ግን በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ያሳልፋል። ገጹ በገመዱ ለማለፍ አንድ ሰከንድ እንኳን አይፈጅበትም። ለእኔ የሸጡልኝ ማሽን ወረቀት የሚስበው በደቂቃ 15 ነው፣ ማለትም ለአንዱ 4 ሰከንድ። ገመዱ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ወረቀቱን ነው የሚጠብቀው። ስቲከሩ እውነት ቢሆን ኖሮ እንኳን አንዲት ሰከንድ አትቆጠብልኝም ነበር። የአህያ ጋሪ ቀለበት መንገድ ላይ ብታወጡት አይፈጥንም።

ያ «ጊዜው አልፎበታል» ያለኝ የመጀመሪያው ስካነርስ? 25 ወረቀት በሁለት በኩል 50 ገጽ ነው። ሁሉም ከለር፣ ሁሉም ሳይታመቅ ቢሄድ በሰከንድ 22 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። ዩኤስቢ 2 ይህን ያለምንም ችግር ይችለዋል። ያውም ብዙዎቹ ስካነሮች ምስሉን አምቀው ነው የሚልኩት። የገመዱ ፍጥነት የሚያስጨንቀው በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ወረቀት በሁለት በኩል ለሚያነቡት ለትልልቆቹ፣ ወይም ሁሉን ነገር በ600 ዲፒአይ ከለር ለሚያደርግ ሰው ነው፤ ያኔ አንዱ ገጽ ከ100 ሜጋባይት ያልፋል። ለውልና ለፎርም 300 ዲፒአይ ይበቃል። ልክ የሆነውን ማሽን ከእጄ አስጥለው፣ ገንዘብ አስጨምረው፣ የማይሠራውን ሰጡኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ካርቶኑን እንደነበረው አሽጌ፣ ስፖንጁን ሳይቀር መልሼ፣ በሚኒባስ ታቅፌው ሄድኩ። ያው ሻጭ አለ። አላወቀኝም፤ ወይም እንዳላወቀ ሆነ። ችግሩን በእርጋታ ነገርኩት። በሁለት ገጽ ስካን አያደርግም፣ ዩኤስቢውም 3 አይደለም አልኩት። ስልኩን እያየ «ላፕቶፕሽ አሮጌ ይሆናል» አለ። አንቺ ሆንኩ። «ላፕቶፑን ተወው፣ ሶኬቱን እየው» ብዬ ማሽኑን አውጥቼ ጀርባውን አዞርኩለት። ቀና ብሎም አላየው። «ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ትችያለሽ አይደል?» አለኝ፣ ሰው ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

እሺ፣ ካርቶኑን እናንብብ አልኩ። ያ ወርቃማ ስቲከር ጠርዙ ትንሽ ተነሥቶ ነበር። በጥፍሬ ያዝኩትና ሳብ አደረግኩት። ሙጫው እየተንጠራራ ቀስ ብሎ ተላቀቀ፤ ከሥሩ ያለው ወረቀት ንጹህ ነበር፣ የፋብሪካው ጽሑፍ ፍንትው ብሎ ወጣ፦ ዩኤስቢ 2.0። ስቲከሩ በጽሑፉ ልክ ነው የተለጠፈው፣ ፊደል ሳያስተርፍ። ካርቶኑን አዙሬ ፊቱ አስቀመጥኩለትና ጣቴን ጽሑፉ ላይ አደረግኩ። አጠገቤ የነበሩት ደንበኞችም አጎንብሰው አዩት። አሁን ይደነግጣል፣ አሁን ይቅርታ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ማን ላጪው አለሽ?» አለኝ።

አልገባኝም። «ምን?» አልኩት።

«ስቲከሩን። የሱቃችን መለያ ነው እኮ። ተልጦ የመጣ ዕቃ አንቀበልም፣ በቃ አበላሽተሽዋል» አለ። ስቲከሩን ከእጄ ነጥቆ ሸረሪት እንደነካ ሰው ቆሻሻ ውስጥ ወረወረው። ማስረጃዬን። ከዚያ ወዲያው ከጎኔ ወደቆመው ሰው ዞሮ፣ ያንኑ ለስላሳ ድምፅ አውጥቶ፣ «ጋሼ ምን ልታዘዝ?» አለ።

ባለቤቱን ጥሩልኝ አልኩ። ከውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው ወጡ። ሁሉንም ሰሙ፣ ካርቶኑንም አዩ። «ልጄ፣ የወሰድሽው ዋጋ ላይ ቅናሽ አድርገንልሽ ነበር፣ ያለ ደረሰኝ ነው የወሰድሽው፣ ምን ላድርግሽ?» አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቅ «የደረሰኝ ማሽኑ መብራት ሲመጣ ይሠራል፣ በኋላ እንልክልዎታለን» ያሉኝ እነሱ ናቸው። የሰጡኝ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው፤ እሱም ላይ ያለው «1 ፕሪንተር» ብቻ ነው። ሞዴል የለው፣ ቁጥር የለው። ክፍያው በሞባይል ባንኪንግ ስለሆነ የትራንስፈር ማረጋገጫው አለኝ። የገባው ግን በሱቁ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው። የምስክር ፈላጊ ሆኜ ዙሪያዬን ሳይ እነዚያ አጎንብሰው ያዩት ሰዎች ሁሉ መደርደሪያ ይመለከታሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሠርቼ የምበላ ሰው ነኝ፤ እንደ ሌባ ካርቶን አሸክመው ከደጃቸው አስወጡኝ። ብሩ ያናድዳል፣ ይህ ግን ከብሩ በላይ ነው።

ለእናንተ የምለው አጭር ነው። ስካነር ስትገዙ የዩኤስቢውን ቁጥር ተዉት፤ በደቂቃ ስንት ወረቀት እንደሚስብ፣ *ስካኑ* በሁለት ገጽ መሆን አለመሆኑን፣ በቀን ስንት ወረቀት እንደሚችል ጠይቁ። የሞዴሉን ሙሉ ስም በስልካችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ እዚያው ቆማችሁ ፈልጉ፤ ከካርቶኑ ይልቅ እሱን እመኑ። በዋይፋይ ስካን እናደርጋለን ካላችሁ ግን ግንኙነቱ እዚያ ላይ ለውጥ ያመጣል፦ እንደኛ ሰፈር በየፎቁ ራውተር በሞላበት ኮንዶሚኒየም ብዙ ገጽ ያለው ፋይል ይንቀራፈፋል፣ መብራት ጭልጭል ሲልም ይቋረጣል፤ ከ5 ሜትር ባልበለጠ ጥሩ ገመድ ሥሩ። መብራት ከሌለ ሌላ ቀን ተመለሱ፣ ሳይሞከር አትክፈሉ። ካርቶኑ ላይ ስቲከር ካያችሁ ከመክፈላችሁ በፊት፣ ራሱ ሻጩ ይላጠው። ደረሰኙ ላይም ሞዴሉና ሴሪያል ቁጥሩ ይጻፍ።

የማኅበሩን ፋይል የሚያነብልኝ፣ በሁለት ገጽ ስካን የሚያደርግ ማሽን ያለው ሰው በቃሊቲ፣ በገላን ወይም በኮዬ ፈጬ አካባቢ ካለ በገጽ ሒሳብ እንነጋገር።