ተንደርበርድ ለተመሰጠረ ኢሜይል፦ ቁልፍ መሥራቱ ቀሏል፣ መያዙ ግን አልቀለለም

ተንደርበርድ የተባለው የኢሜይል ፕሮግራም ኦፕንፒጂፒ የተባለውን የምስጠራ ዘዴ በውስጡ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2020፣ በ78ኛው እትሙ ነው። ከዚያ በፊት ኤኒግሜይል የሚባል ተቀጥላ መጫን፣ ምስጠራውን የሚሠራውን ጂኑፒጂ የተባለ ፕሮግራምም ለብቻ ማስገባት ግድ ነበር፤ ብዙ ሰው ገና ቁልፍ ሳይሠራ እዚያው ላይ ይተወው ነበር። ያ ጣጣ አሁን ቀርቷል።

ፕሮግራሙ የአማርኛ ሜኑ ስለሌለው የምርጫዎቹን ስም እንደሚነበቡ እንጽፋለን። «አካውንት ሴቲንግስ» ውስጥ፣ ከኢሜይል አድራሻዎ ሥር «ኤንድ ቱ ኤንድ ኢንክሪፕሽን»ን ይክፈቱና «አድ ኪይ» ይበሉ። ካልነኩት ቁልፉ አርኤስኤ የተባለው ዓይነት፣ ርዝመቱም 3072 ቢት ይሆናል፣ የሚያገለግለውም 3 ዓመት ነው፤ ሁለቱም እንዳሉ ቢቀሩ ይበቃሉ። ከዚያ ለሚጻጻፉት ሰው የተፈረመ፣ ግን ያልተመሰጠረ ደብዳቤ ይላኩ። ሲፈርሙ የአደባባይ ቁልፍዎ፣ ማለትም ሌሎች ወደ እርስዎ የሚመሰጥሩበት ለማንም የሚሰጠው ቁልፍ፣ ተያይዞ ይሄዳል። ያኛው ሰውም በበኩሉ የራሱን ይልካል።

ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የመጣውን ቁልፍ ማስገባት ብቻውን አይበቃም፤ «ተቀብዬዋለሁ» ብለው ካልመረጡ ፕሮግራሙ አይጠቀምበትም። ምርጫው ደግሞ ሁለት ደረጃ አለው፦ ሳያረጋግጡ መቀበል፣ ወይም አሻራውን አረጋግጦ መቀበል። አሻራው ቁልፉ የሚለይበት የ40 ፊደልና ቁጥር ድርድር ነው። ስልክ ደውለው፣ ድምፁን ከሚያውቁት ሰው ጋር እየተነባበቡ ያመሳክሩት። በኢሜይል መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ ደብዳቤውን መሐል ላይ የሚጠልፍ ሰው ካለ አሻራውንም ቀይሮ ይልካል። ይህን ሥራ ተንደርበርድ አላቀለለውም፤ ሰውየውን ስለማያውቀው ሊያቀልለውም አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1999 ተመራማሪዎቹ አልማ ዊተንና ዳግ ታይጋር ፒጂፒ 5.0 የተባለውን የምስጠራ ፕሮግራም በ12 ሰዎች ፈትነው ነበር። በ90 ደቂቃ ውስጥ በትክክል ፈርመውና መስጥረው የላኩት 4ቱ ብቻ ናቸው፤ 3ቱ ምስጢሩን ሳይመሰጥሩት ልከውታል። ተንደርበርድ ይህን ዓይነቱን አደጋ በከፊል ይከላከላል፦ «ኢንክሪፕት» ከተጫነና የአንዱ ተቀባይ ቁልፍ ከጎደለ አልልክም ብሎ የማን እንደጎደለ ያሳያል። አዲስ ደብዳቤ ሲከፈት ግን ምስጠራው ካላበሩት ጠፍቶ ነው የሚጀምረው። ሲቻል ራሱ እንዲያበራው የሚያደርግ ምርጫ በዋናው ሴቲንግ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ አለ፤ ያብሩት።

ትልቁ ቅሬታችን የይለፍ ቃል አያያዙ ላይ ነው። «ፕራይመሪ ፓስዎርድ» (ዋና የይለፍ ቃል) ካላስገቡ የምስጢር ቁልፍዎ፣ ማለትም የተመሰጠረልዎን ደብዳቤ የሚፈታው፣ የሚከፈትበት ቃልም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ላፕቶፑ ተከፍቶ ያገኘው ሰው ሁሉ ደብዳቤዎን ያነባል። «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ ገብተው ዛሬውኑ ያስገቡት። እንዲህ ያለው ነገር ቁልፉ ሲሠራ መጠየቅ ነበረበት።

ምትኬ የሚወሰደው «ቱልስ» ሥር ካለው «ኦፕንፒጂፒ ኪይ ማኔጀር» ነው። ለፋይሉ የሚሰጡት የይለፍ ቃል በላቲን ፊደል ቢሆን ይሻላል፤ በሚመልሱበት ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ኪቦርድ ላይኖር ይችላል። ፋይሉን ፍላሽ ላይ አድርገው ከላፕቶፑ ለይተው ያስቀምጡ። ቁልፉ ከጠፋ የድሮ ደብዳቤዎችዎን የሚከፍትልዎ የለም፣ የተንደርበርድ ሰዎችም ቢሆኑ።

የደብዳቤው ርእስ ይመሰጠራል፤ በውጭ የሚታየው ሦስት ነጥብ ብቻ ነው። ላኪው፣ ተቀባዩና ሰዓቱ ግን በግልጽ ይታያሉ። አንድሮይድ ላይ ኦፕንኪይቼይን የሚባል ሌላ መተግበሪያ ጭኖ ያንኑ ቁልፍ ማስገባት ያስፈልጋል፤ በዋናነት በስልክ ለሚጻጻፍ ሰው አንመክረውም። ለዚያ ፕሮቶን ሜይል የተባለው የኢሜይል አገልግሎት ይቀላል፦ ሁለቱም ወገን አካውንት ካላቸው ቁልፍ የሚባል ነገር ሳያዩ ይጻጻፋሉ። እርግጥ የማን ቁልፍ የትኛው እንደሆነ የሚነግርዎ ድርጅቱ ነው።

3 ዓመቱ ከማለቁ በፊት ቁልፍ ማስተዳደሪያው ውስጥ ቀኑን ያራዝሙ። ከዚያም የአደባባይ ቁልፉን ለሁሉም እንደገና ይላኩ፤ ያለበለዚያ የእነሱ ፕሮግራም ቁልፉን ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ስለሚቆጥረው ወደ እርስዎ መስጥሮ አይልክም።