ላፕቶፓችሁን «እናፍጥንላችሁ» ለሚሉ አትስጡ

«የላፕቶፕህን ግራፊክስ ካርድ (ጌምና ምስል የሚያስኬደውን ክፍል) 40 በመቶ አፈጥንልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ከመጣ አትስጡት። እኔ ሰጥቼ ላፕቶፔን አጥቻለሁ። ሌላ ሰው እንዳይደርስበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ጌም ስጫወት ይንቀራፈፍብኝ ነበር። ሰውዬው በአንድ ቀን ጨርሶ መለሰልኝ። የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ከፍቶ ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳየኝ ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ጌም ከጀመርኩ ሃያ ደቂቃ እንኳን ሳይሞላ ግን ፍጥነቱ ከድሮውም ባሰ። በሳምንቱ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ መታየት ጀመረ። ከዚያ ጭራሽ አልበራ አለ። ወደ አምራቹ ጥገና ስወስደው «ባዮሱ ተነክቷል፣ ዋስትናው አይሠራም» ተባልኩ። ባዮስ የሚባለው ካርዱን የሚያሠራው፣ ውስጡ የተጫነ ፕሮግራም ነው።

ያ ያሳየኝ ቁጥር ውሸት አልነበረም። መለኪያው ግን የሚሮጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ላፕቶፑ ገና አልጋለም። በብዙ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በጋራ ቱቦ ነው። አንዱ ሲግል ሌላውም ይግላል። ካርዱ 87 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የተጨመረው ፍጥነት ጌሙ ሲጦፍ የለም።

ሌላው ዋት፣ ማለትም ለካርዱ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። አርቲኤክስ 3060 የሚባል ካርድ የተገጠመላቸው ሁለት ላፕቶፖች የካርዳቸው ስም አንድ ቢሆንም አንዱ ለካርዱ 60 ዋት፣ ሌላው 115 ዋት ሊሰጠው ይችላል። ገደቡን የሚወስነው አምራቹ ነው። ካርዱ ዋት አንሶት ተይዞ ከሆነ ሜጋኸርዝ (የካርዱ ፍጥነት የሚለካበት) ብትደርቡበት ብዙም አይሄድም። በላፕቶፕ ላይ ከ5 እስከ 10 በመቶ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። 40 የሚባለውን እርሱት።

ይህችን ትንሽ ጭማሪ ደግሞ በነፃ ራሳችሁ ታገኟታላችሁ። ምንም ምስጢር የለውም። የካርዶቹ አምራች ኤንቪዲያ በ2015 እ.ኤ.አ. የላፕቶፕ ካርዶችን ኦቨርክሎክ ማድረግ (ከተሠሩበት ፍጥነት በላይ ማስኬድ) በድራይቨር (ኮምፒውተሩ ካርዱን በሚያዝበት ፕሮግራም) ዘግቶ፣ ተጠቃሚው ሲጮህ መልሶ ከፍቶታል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። የኮሩን (የካርዱን ዋና ክፍል) ፍጥነት በ25 ሜጋኸርዝ ብቻ ጨምሩና ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ሙቀቱን ተከታተሉ። ደህና ከሆነ ሌላ 25። ነጠብጣብ ካያችሁ ወይም ጌሙ ከተዘጋ ወደ ኋላ መልሱ። ብዙ ካርዶች 100 ያህል ይችላሉ፤ አንዳንዱ ግን እሱንም አይችልም። የጓደኛችሁን ቁጥር እንዳትገለብጡ። ለጥቂት ቀናት ሳትፈትኑት ደግሞ ላፕቶፑ ሲበራ አብሮ እንዲጀምር አታድርጉት።

እንደውም እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ቮልቴጁን ቀንሱ ነው የምለው። እዚያው ፕሮግራም ላይ ይቻላል። ቮልቴጅ ትንሽ ሲወርድ ሙቀቱ በደንብ ይወርዳል፤ ካርዱም ፍጥነቱን ሳይጥል ረጅም ሰዓት ይቆያል። የፋኑን አቧራ ማስጠረግና የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን ቅባት) ማስቀየርም ብዙ ይረዳል። ለእነዚህ የምትከፍሉት ገንዘብ አይቆጭም።

የእኔን ላፕቶፕ የገደለው ግን የካርዱ ባዮስ መቀየሩ ነው። ሰውዬው ሳይነግረኝ የዋቱን ገደብ ከፍ የሚያደርግ የሌላ ሞዴል ባዮስ ጫነበት። የእኔ ላፕቶፕ ማቀዝቀዣም፣ ቻርጀርም፣ ለካርዱ ኃይል የሚያቀብሉት ክፍሎችም ለዚያ ዋት አልተሠሩም። በዴስክቶፕ ቢሆን ካርዱን ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ። በዘመኑ ላፕቶፖች ግን ካርዱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እሱ ሲሄድ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ቦርድ መቀየር ነው፤ ዋጋውን ስሰማ ተውኩት።

አስቀድማችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ደውሉና አንድ ነገር ጠይቁ፦ ባዮሱን ነክተኸዋል ወይ? ነክቻለሁ ካለ ከመቀየሩ በፊት ያስቀመጠውን ዋናውን ፋይል አስመጡት። የሌላ ላፕቶፕ ፋይል፣ ካርዱ አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ አይተካውም። ዋናው እስኪመለስ ድረስ ከባድ ጌም አትክፈቱበት።