ስካነሬ ዘጠኝ ወር ሞላት፤ የኤቢኤሱን መብራት ያነበበልኝ ግን ቁራጭ ሽቦ ነው

መስከረም ላይ ሱማሌ ተራ ወርጄ በ1,800 ብር የገዛኋት፣ የመኪና ብልሽት የምታነብ የብሉቱዝ ስካነር ዘጠኝ ወር ሞላት። የክብሪት ቀፎ ታክላለች። መሪው ሥር ካለው ሶኬት ትሰካና ከስልክ ጋር ትገናኛለች። የሞተር ሙቀት ታሳያለች፣ የባትሪ ቮልት ታሳያለች፣ አንዴ ቼክ ኢንጅን (የሞተር ብልሽት መብራት) ሲበራም የብልሽቱን ኮድ አንብባልኛለች። ምስጋናዬ እዚህ ላይ አለቀ፤ አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

ስገዛት ሻጩን ጠይቄዋለሁ። «የኤቢኤስ መብራትም ታነባለች?» አልኩት፤ ኤቢኤስ ፍሬን በድንገት ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ነገር ነው። «ብሮ፣ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራ ነገር ካለ ታነባለች፣ አለቀ!» አለኝ። እኔም አመንኩ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡም ጀመረ። መኪናዬ የ2007 ያሪስ ናት፣ ሰፈራችን ግን ቪትዝ ነው የሚላት። አንድ ጠዋት ቁልፍ ስከፍት ቢጫው የኤቢኤስ መብራት እንደወትሮው ሁለት ሦስት ሰከንድ በርቶ መጥፋት ሲገባው እንደበራ ቀረ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ስላልበራ አልደነገጥኩም። ቢጫው ብቻውን ከሆነ ፍሬኑ ይሠራል፣ የማይሠራው ኤቢኤሱ ነው። ቀዩም አብሮ ቢበራ ኖሮ ያኔ መኪናዋን አቁሜ ነበር።

ስካነሯን ሰካኋት። «ምንም ብልሽት አልተገኘም» አለችኝ፣ ያውም በአረንጓዴ ምልክት። መብራቱ ፊቴ ላይ ቦግ ብሎ! ነቅዬ ደግሜ ሰካሁ፣ ያው ነው። አፑ ይሆናል ብዬ ሦስት አፕ ቀያየርኩ፣ ለአንዱ እንዲያውም ከፈልኩበት። ሁሉም «መኪናህ ጤነኛ ናት» ይላሉ።

በዚያው ሳምንት በዝናብ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ እየወረድኩ ከፊቴ ያለው ታክሲ ድንገት ቆመ። ፍሬን ያዝኩ። ድሮ እንዲህ ሲሆን ፔዳሉ እግሬ ሥር ድርድርድር ይላል፣ መኪናዋም መሪ እየሰማች ትቆማለች። አሁን ድርድርታ የለ፣ ምን የለ፤ ጎማው ተቆልፎ ቀጥ ብላ ተንሸራተተች፣ መሪውን ባዞረውም አልሰማ አለች። ከታክሲው ኋላ አንድ ክንድ ሲቀር ቆመች። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያለኝን እዚህ አልጽፈውም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ያነበብኩት። ያ ሶኬት ሁሉም መኪና ላይ አንድ ዓይነት የሆነው ለእኛ ለባለመኪኖች ታስቦ ሳይሆን ለጭስ ቁጥጥር ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪና ከ2001 ጀምሮ አስገደዱ። ግዴታው ጭስን የሚነካውን ነው፣ ይኸውም የሞተሩን ነገር፣ በ«ፒ» የሚጀምሩትን ኮዶች። የኤቢኤስ ኮዶች በ«ሲ» ነው የሚጀምሩት፣ እነሱን ፋብሪካው ሁሉ በየራሱ ቋንቋ ነው የሚያወራቸው። ርካሽ ስካነር ያን ቋንቋ አያውቅም። ስለማያውቅ ደግሞ «አላውቅም» አይልም፣ «ምንም የለም» ነው የሚለው። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

አሁን ሻጩ ቢያነበው «ብሮ፣ በ1,800 ብር ምን ፈልገህ ነው?» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔ የፈለግኩት ስጠይቅህ «አታነብም» እንድትለኝ ነበር። ያኔም እገዛት ነበር እኮ!

በመጨረሻ የሰፈራችን ሽማግሌ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ። ስካነሯን አውጥቼ ሳሳየው ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ኪስህ ክተታት» አለና ከመሳቢያው ቁራጭ ሽቦ አወጣ። ሶኬቱ 16 ቀዳዳ አለው፣ ላይ ስምንት፣ ታች ስምንት። ሽቦውን በአንድ ጫፉ 4ኛው ላይ፣ በሌላው 13ኛው ላይ ሰካ፤ ከላይ ከግራ አራተኛው፣ ከታች ከግራ አምስተኛው ማለት ነው። (16ኛውን እንዳትነኩ! እሱ ቁልፍ ቢነቀልም ሁሌ ከባትሪ ኃይል አለው። ስካነሯ ተሰክታ ስትረሳ ባትሪ የምትጨርሰውም ከዚያ እየጠጣች ነው፤ ለፋሲካ አሥር ቀን ደብረ ብርሃን ከርሜ ስመለስ መኪናዋ ድምፅ አላሰማ ያለችኝ ለዚህ ኖሯል።)

ቁልፉን ከፈተ፣ ሞተር ሳያስነሳ። የኤቢኤሱ መብራት ራሱ መቁጠር ጀመረ። ብልጭ ብልጭ ብልጭ፤ ፋታ፤ ብልጭ። ሦስት እና አንድ። «ሠላሳ አንድ፣ የፊት ቀኝ ሴንሰር» አለ ሰውየው፣ ቀና እንኳ ሳይል፤ የጎማውን ፍጥነት ለኤቢኤሱ የሚነግረውን ማለቱ ነው። መኪናዋ በሽታዋን የምትናገርበት አፍ ድሮም ነበራት፣ እኔ ነኝ አስተርጓሚ ቀጥሬ የከረምኩት።

ክሪክ አድርጎ ቀኙን ጎማ ፈታ። ግንቦት ላይ ሾክ ያስቀየርኩበት ጋራዥ የሴንሰሩን ሽቦ ሾኩ ላይ የምትይዘውን ብሎን መልሶ አላሰራትም። ሽቦው ተንጠልጥሎ መሪ በታጠፈ ቁጥር ጎማው ሲፈትገው፣ ላስቲኩ አልቆ መዳቡ እንደ ሽበት ተበታትኗል። አንደኛው ክር ተበጥሷል። በካውያ አያይዞ፣ ናስትሮ ጠቅልሎ፣ ብሎን ፈልጎ ቦታው ላይ አሰረው። ከዚያ ሽቦዋን ሶኬቱ ላይ እንደሰካ ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ እንድረግጥ አዘዘኝ፣ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ስምንት ጊዜ፤ ኮዱ የሚጠፋው እንደዚያ ነው። መብራቱ እኩል እኩል ብልጭ ማለት ጀመረ፣ ኮድ የለም ማለት ነው። ሽቦዋን ነቀላት፣ ቁልፉን ዘግቶ ከፈተ፣ መብራቱ በርቶ ጠፋ።

500 ብር ከፈልኩ። ሽቦዋን ግን በነጻ ሰጠኝ።

ስካነሯን ግዙ ወይስ አትግዙ ካላችሁኝ፣ ዛሬ ተናድጃለሁና አትግዙ ነው የምለው፤ ቼክ ኢንጅን የበራ ቀን ብትጠይቁኝ ሌላ እል ይሆናል። የምትፈልጓት ካላችሁ በ1,000 ብር እሸጣታለሁ። ኤቢኤስ አታነብም፣ ቀድሜ ተናግሬያለሁ።