ኤል ሚራዶር፦ ከመክፈላችሁ በፊት በቅሎዎቹን ቁጠሩ

በሰሜን ጓቴማላ፣ ፔቴን በሚባለው ግዛት፣ ከሜክሲኮ ድንበር ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብሎ ጫካ የዋጠው ጥንታዊ የማያዎች ከተማ አለ። ኤል ሚራዶር ይሉታል። መኪና አይገባም። ለሄሊኮፕተር የሚከፍል ካልሆነ በቀር ያለው አማራጭ ካርሜሊታ ከምትባል መንደር ተነስቶ ሁለት ቀን በእግር መግባት፣ ሁለት ቀን በእግር መውጣት ነው። እዚህ የሚገመገመው ይኸው አስጎብኚ፣ አብሳይ፣ በቅሎና ድንኳን ያለበት የአምስት ቀን ጥቅል ነው። ዋጋው ለአንድ ሰው ከ250 እስከ 350 ዶላር አካባቢ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው ሲበዛ ይቀንሳል። ሁለት ሆኖ መሄድ ያስወድዳል፤ አራት አምስት ጓደኛሞች ሲሆኑ ነው የሚያዋጣው።

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ባለው ጊዜ፣ በውኃና በበቅሎ ከማይሰስት አዘጋጅ ጋር ከሆነ ከአምስት አራት ተኩል ይገባዋል። ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከሆነ ሁለትም ይበዛበታል። የከተማው ፒራሚድ በሁለቱም ወቅት ያው ነው። የሚለየው የእግር መንገዱ ነው።

ዋናው ነገር ውኃ ነው። አገሩ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡ እንደወረደ ይሰርጋል፤ በመንገዱ ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም። ያለው ባሆ የሚሉት ረግረግ ብቻ ነው። በዝናብ ወራት እዚያ ላይ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፤ ቦቲ ጫማ ያላደረገ ሰው ጫማውን እየፈለቀቀ ነው የሚውለው። በደረቁ ወራት ደግሞ በቅሎዎቹ ሲረግጡት የነበረው ጭቃ በኮቴ ቅርጽ ጎድጉዶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እግር የሚወለምበት ቦታ ይኼ ነው፤ በተለይ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ደክሞት መሬት መሬት ማየት ሲተው።

ስለዚህ የሚጠጣው ውኃ ከካርሜሊታ በበቅሎ ይጫናል። ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በዚያ ሙቀት ስድስት ሰባት ሰዓት የሚሄድ ሰው በቀን 4 ሊትር ይፈልጋል። ለአምስት ሰው፣ አምስት ቀን፣ 100 ሊትር ማለት ነው። እዚያ ውኃ የሚጫነው ጋራፎን በሚሉት 19 ሊትር ገደማ በሚይዝ ፕላስቲክ ነው፤ እንግዲህ አምስት ጋራፎን ሞልቶ ስድስተኛው ይጀመራል፣ ያውም የማብሰያውና የሠራተኞቹ ድርሻ ሳይቆጠር። አንዲት በቅሎ አራት ጋራፎን ከተሸከመች አበቃላት። ለአምስት ሰው ቡድን ውኃ ብቻ የሚሸከሙ ሁለት በቅሎዎች ያስፈልጋሉ ማለት ነው፤ ድንኳኑን፣ ምግቡንና ሻንጣውን የሚሸከሙት ከእነሱ ውጪ ናቸው።

ርካሹ ጥቅል የሚረክሰው እዚሁ ላይ ነው። አንዲት በቅሎ ይቀነስና ጋራፎኑ በሦስተኛው ቀን ማታ ይነጥፋል። ከዚያ ወዲያ የሚቀዳው ካምፑ ላይ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ነው። ለመታጠቢያ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን ፈልቶ ወይም በክሎሪን ክኒን ታክሞ ነው። በሚያዝያ ደግሞ በርሜሉ ወደ ታች ወርዶ ቅጠልና የትንኝ እጭ የሚታይበት ጊዜ አለ። የውኃ ማከሚያ ክኒን ከአንድ ሰው ኪስ አይጥፋ፤ ቦታ አይዝ፣ አይከብድ።

ስለዚህ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፣ መልሱም በዋትሳፕ በጽሑፍ ይምጣ። ስንት በቅሎ ነው? ከነሱ ስንቱ ለውኃ ነው? ኮርቻ የተጫነች፣ ሰው የምትቀመጥባት በቅሎስ አለች? ሦስተኛው ጥያቄ ቅንጦት የሚመስለው ሰው አለ። ከጓደኞች አንዱ በሁለተኛው ቀን እግሩ ቢላላጥ ወይም ቢያስመልሰው የመንደሩ መኪና ያለው አንድ ቀን ሙሉ ከተሄደ በኋላ ነው፤ ስልክ ከካርሜሊታ ወዲያ አይሠራም። ትርፍ የመቀመጫ በቅሎ ከሌለች አምስቱም ሰው በአንዱ ፍጥነት ይሄዳል፣ ወይም ቡድኑ ይከፈላል፤ አስጎብኚው አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ መከፈልም አይቻልም። ስድስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ሁለተኛ አስጎብኚ ጠይቁ።

ከማን እንግዛ ለሚለው፦ ፍሎሬስ የምትባለው የሐይቅ ላይ ከተማ ውስጥ ጉዞውን የሚሸጡ ቢሮዎች ሞልተዋል፤ ካርሜሊታ ያለው የመንደሩ ኅብረት ሥራ ማኅበርም ራሱ ያዘጋጃል። መንደሩ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዙሪያው ያለውን ደን እየጠበቀ የመጠቀም ውል አለው፤ ሰዉ የሚኖረው የማስቲካ ሙጫ፣ ለአበባ ነጋዴ የሚሄድ ቅጠልና እንጨት እየሰበሰበ ነው። በዚህ ምክንያት ጫካውን የሚያውቀው አስጎብኚ የመንደሩ ልጅ ነው። ሙጫው የሚቀዳበትን ዛፍ ግንድ ላይ በቆንጨራ የተሰነጠቀውን ዚግዛግ ጠባሳ ያሳያችኋል፤ አንዳንዱ ጠባሳ ከእሱ ዕድሜ ይበልጣል። ቋንቋው ግን ስፓኒሽ ነው። እንግሊዝኛ የሚናገር ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ተጨማሪ ክፍያም ጠብቁ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከፍሎሬስ ካርሜሊታ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙው አስፋልት ስላልሆነ ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ወደ ኤል ቲንታል 17 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳላችሁ። ቲንታል ራሱ ትልቅ የፈረሰ ከተማ ነው፤ ካምፕ እንደደረሳችሁ ጫማ ከማውለቃችሁ በፊት ፒራሚዱ ላይ ወጥታችሁ ፀሐይ ስትጠልቅ እዩ፣ አንዴ ከወለቀ ማንም አይነሳም። ሁለተኛው ቀን ከባዱ ነው፦ ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ። ሦስተኛው ቀን ሚራዶር ውስጥ ይዋላል፤ አራተኛውና አምስተኛው በመጡበት መመለስ ነው። ሰሜን ተራሮችን በበቅሎና በስካውት የዞረ ሰው አሠራሩ አዲስ አይሆንበትም። ልዩነቱ እዚያ የሚፈትነው ከፍታና ብርድ መሆኑ ነው። እዚህ መሬቱ ሜዳ ነው፤ የሚጥለው ሙቀትና ወበቅ ነው።

ጉልበት ያለው ቡድን ስድስት ቀኑን ይውሰድ። በናክቤ በኩል ዞሮ በሌላ መንገድ ስለሚመለስ ያንኑ ዛፍ ሁለት ጊዜ ከማየት ያድናል። ናክቤ ከሚራዶርም የሚቀድም ከተማ ነው። ግን አንድ ቀን ሲጨመር የውኃው ሒሳብም ይጨምራል፤ አዘጋጁ የበቅሎውን ቁጥር ሳይነካ ቀኑን ብቻ ከጨመረ ተጠራጠሩ።

አሁን ወደ ከተማው። ቲካል የሚባለውን ሌላውን የፔቴን የማያ ከተማ ያየ ሰው የተመነጠረ ሜዳና የተጠረበ ድንጋይ እየጠበቀ ከመጣ ይበሳጫል። ሚራዶር የተቆፈረው ጥቂቱ ነው፤ አብዛኛው ሕንፃ ዛፍ የበቀለበት ኮረብታ ሆኖ ነው የሚታየው። ትልቁ ፒራሚድ ላ ዳንታ ቁመቱ 72 ሜትር ነው፤ ከነመድረኮቹ ይዘቱ 2.8 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይገመታል፣ ይህም በግዝፈት ከዓለም ግንባር ቀደሞቹ ያሰልፈዋል። ሆኖም ስትወጡበት ፒራሚድ ላይ መሆናችሁ ቶሎ አይገባችሁም። መጀመሪያ ዳገት ይመስላል፣ ከዚያ ሜዳ፣ እንደገና ዳገት፣ እንደገና ሜዳ። ያ ሜዳ ሰው የሠራው መድረክ ነው። የመጨረሻውን ቁራጭ በእንጨት ደረጃ ትጨርሱና ከዛፎቹ ጫፍ በላይ ስትወጡ፣ እስከ አድማስ ጫካ ብቻ ነው፤ መሐል መሐሉ ላይ ብቅ ያሉት ጉብታዎች ሌሎች ከተሞች ናቸው። ጥሩ አስጎብኚ እዚህ ላይ ነው የሚለየው፦ ከላይ ሦስት ሕንፃዎች፣ አንዱ ትልቅ ሁለቱ ትንንሽ ሆነው እርስ በርስ እንደሚተያዩ በጣቱ ያሳያል፤ የዚያ ዘመን ማያዎች የግንባታ ፈሊጥ ነው። ደካማው ግን «በጣም ትልቅ ነው» ብሎ ፎቶ ያነሳችኋል።

55 ሜትር ቁመት ያለውን ሌላውን ፒራሚድ ኤል ቲግሬንም አትዝለሉ። ከዚያ ባልተናነሰ ግን መታየት ያለበት በ2009 እ.ኤ.አ. የተገኘው የኖራ ቅርጽ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሲዋኙ። ከክርስቶስ ልደት 300 ዓመት በፊት ገደማ የተሠራ ነው፤ የነበረበትም የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ ነው። ወንዝ በሌለበት አገር ያን ያህል ሕዝብ የኖረው ጠብታ እየያዘ ነበር። ከተማው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በሁለተኛው ውስጥ ተለቀቀ። ከሚሰነዘሩት ምክንያቶች አንዱ ለግድግዳና ለአደባባይ የሚሆነውን ኖራ ለማቃጠል ደኑን መጨረሳቸው ነው፤ አፈሩ ታጥቦ ረግረጉን ሞላው ይላሉ።

የሚነክሰው ብዙ ነው። በደረቁ ወራት ዋናው ጠላት መዥገር ነው፤ አሸዋ የሚያህሉ ግልገሎች አንድ ቅጠል ላይ ተጠቃልለው ይጠብቃሉ፣ ሲነኩ በመቶ ሆነው ሱሪ ላይ ይራገፋሉ። በጥፍር መልቀም አያዋጣም፤ ቆዳ ላይ ሳይነክሱ በካርቶን ማሸጊያ ስኮች ለጥፎ መንጠቅ ነው። ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ልብሱን ከመነሳታችሁ በፊት ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መድኃኒት ውስጥ ንከሩት፣ ለቆዳ ዲት የሚባል ተባይ አባራሪ 30 በመቶ ያለበት ቅባት ያዙ። ሲመሽ የምትነክሰው ትንሿ የአሸዋ ዝንብ ደግሞ እኛ ቁንጭር የምንለውን በሽታ ታስተላልፋለች፤ ሙጫ ለቃሚዎቹ በጆሯቸው ጠርዝ ላይ በሚተወው ቁስል ያውቁታል። ከተመለሳችሁ ከሳምንታት በኋላ የማይድን ቁስል ካያችሁ ለሐኪሙ የት እንደነበራችሁ ንገሩት። ባርባ አማሪያ፣ ትርጉሙ ቢጫ ጢም፣ የሚሉት እባብም አለ፤ የወደቀ ግንድ ሳታዩ አትሻገሩ፣ ማታ ወደ መጸዳጃ ያለ ባትሪ አትሂዱ። ቼቼን የሚባል ዛፍ ጥቁር ፈሳሹ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሳትጠይቁ ግንድ አትደገፉ። ቅርፊቱ ቀልቶ የሚላላጠውን ሌላ ዛፍ ግን «የቱሪስት ዛፍ» እያሉ ይቀልዱበታል፤ በአራተኛው ቀን ቀልዱ ይገባችኋል።

ስለ ምግብ። ደረቁ ወራት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ምግቡም በመሠረቱ ለጿሚ ይመቻል፦ ጥቁር ቦሎቄ፣ ሩዝ፣ ቶርቲያ የሚሉት የበቆሎ ቂጣ። ወጥመዱ ሁለት ነው። ቦሎቄው ሲጠበስ ማንቴካ የሚባል የአሳማ ስብ ሊገባበት ይችላል፣ ይህ ሙስሊሙንም ይመለከታል፤ ቁርሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ነው። «ሲን ማንቴካ፣ ሲን ዌቮ» ብላችሁ የምትናገሩት ስትመዘገቡ ነው። ካምፕ ደርሶ መናገር ጥቅም የለውም፤ አስቤዛው ከተማ ውስጥ ተገዝቶ ተጭኗል። በሶ ጥሩ ስንቅ ነው፤ የሚበጠበጥበትን ውኃ ግን ከአራቱ ሊትር ላይ ቀንሱት።

በጀርባ የሚያዘው ከ20 እስከ 25 ሊትር የሚይዝ ቦርሳ ይበቃል፦ 3 ሊትር ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የግንባር ባትሪ፣ ኦአርኤስ አራት አምስት ከረጢት፣ ፕላስተር። ሌላው ለበቅሎዋ ነው፤ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው ኪሎ ስለሚወሰን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አዲስ ጫማ ለዚህ ጉዞ አይሆንም፤ የጥጥ ካልሲም ላብ ይዞ ስለሚቀር ውኃ ያስቋጥራል። መብራት የለምና ፓወር ባንክ ያዙ፤ ስልኩንም የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጉት፣ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪ ይጨርሳል።

ከኢትዮጵያ የሚነሳ ሰው ቢጫ ካርዱን አይርሳ፦ ጓቴማላ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች የሚመጣን መንገደኛ የክትባት ማስረጃ ትጠይቃለች፣ ክትባቱም የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ነው። ገንዘቡን በኬትዛል፣ ያውም በትንንሽ ኖት፣ ከፍሎሬስ ወይም ከጎኗ ካለችው ሳንታ ኤሌና አውጡ፤ ካርሜሊታ ኤቲኤም የለም። ጉርሻው ለአስጎብኚው፣ ለአብሳይዋና ለበቅሎ ነጂው ለየብቻ በእጃቸው ይሰጥ። የበቅሎ ነጂው ዕቃውን አራግፎ በቅሎዎቹን ወደ ቤቱ ስለሚነዳ እናንተ ሻወር ስትፈልጉ ሄዶ ይሆናል፤ የሱን አስቀድሙ።