ለድሪፕ ሠሪዎች ምስጋና፣ ለእናንተ ደግሞ ጥቆማ

ማመስገን ካለብኝ ቆይቻለሁ። ድሪፕ የሚባል የወር አበባ መከታተያ አፕ አለ። የሠራው በርሊን የተሰባሰበ የፌሚኒስቶች ቡድን ነው። በነጻ ነው፤ ማስታወቂያም አያሳይም።

ከሁሉ በላይ የወደድኩለት ማንነቴን አለመጠየቁን ነው። ስም በሉ፣ ኢሜይል በሉ፣ ስልክ ቁጥር በሉ፣ አንዱንም አይፈልግም። የምመዘግበው ሁሉ እዚያው ስልኬ ላይ ይቀራል። አፑ የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ስለሆነ ደግሞ ሙያው ያለው ሰው ገብቶ የሠሪዎቹን ቃል ማጣራት ይችላል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ፍሎ የተባለውን ታዋቂ አፕ፣ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጉግል ጭምር አሳልፎ ሰጥቷል ብሎ ከሶት ነበር። ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። እኔ ፔሬዴ መቼ እንደመጣ፣ መቼ እንደቀረ ማስታወቂያ ሻጭ እንዲያውቅብኝ አልፈልግም። እናንተም የምትፈልጉ አይመስለኝም።

ሌላው ደስ የሚለኝ ነገር ቸኩሎ አለመተንበዩ ነው። በፊት የነበረኝ አፕ የሁሉም ሴት ዑደት 28 ቀን ይመስለዋል። አንድ ቀን ካለፈ "ዘግይቷል" እያለ ያስጨንቀኝ ነበር። የአዋቂ ሴት ዑደት ግን ከ21 እስከ 35 ቀን ቢሆን ጤናማ ነው። ድሪፕ ቢያንስ የ3 ዑደት መረጃ ሳይሰበስብ ስለሚቀጥለው ምንም አይልም። ከዚያም በኋላ ቢሆን አንድ ቀን ቆርጦ አይናገርም፤ "ከዚህ እስከዚህ ባለው ቀን ሊመጣ ይችላል" ይላል። እውነቱም ይኸው ነው።

የጠዋት የሰውነት ሙቀትና የማህፀን በር ፈሳሽም ይመዘገብበታል። እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ ሙቀታችን በትንሹ ከፍ ይላል። ከአልጋ ሳትነሱ ከለካችሁት ለውጡ በግራፉ ላይ ይታያል። ልብ በሉ፣ ሙቀቱ የሚጨምረው እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ አስቀድሞ አይነግራችሁም። ስለዚህ ዘዴውን ከባለሙያ በደንብ ሳትማሩ ለእርግዝና መከላከያ እንዳትተማመኑበት አደራ እላለሁ።

ለእኔ ትልቁ ጥቅሙ ሐኪም ፊት ነው። "መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?" ስባል ጣራ ማየት ቀርቷል። ደም የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን፣ ስንት ቀን እንደቆየ፣ መጠኑ፣ ሕመሙ፣ ሁሉም አለ። ራስ ምታቴ ከፔሬዴ በፊት ባሉት ቀናት እየጠበቀ እንደሚመጣም ያየሁት ከዚሁ መዝገብ ነው። ደሙ ከ7 ቀን ካለፈ፣ ሞዴስ በየሰዓቱ የሚያስቀይር ከሆነ፣ ወይም እርግዝና ሳይኖር ለ3 ወር ከቀረ ግን አፑን ትታችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ፓስወርድ ማድረግ ይቻላል፤ ከረሳችሁት ግን አካውንት ስለሌለ የሚመልስላችሁ የለም። ስልካችሁ ቢጠፋም እንደዚያው ነው። መረጃውን አልፎ አልፎ ኤክስፖርት እያደረጋችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ሠሪዎቹ፣ እጃችሁ ይባረክ። እናንተም ስታወርዱት የመጨረሻ ፔሬዳችሁ የጀመረበትን ቀን ካስታወሳችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ ካላስታወሳችሁ የሚቀጥለውን ጠብቁ።